ስምንት ቁጥር አይነካም

የኦቦ ጉደታን ሞት የሰማሁት እንደማንኛውም የሰፈራችን ሰው ሞት ጎህ ሲቀድ በጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ነፊው በራችን ላይ ቆሞ «የዕድራችን አባል ኦቦ ጉደታ አርፈዋል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመና ወደ ታች ሰፈር ወረደ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሞታቸው አልነበረም። «የዕድራችን አባል» ስለሚለው ነበር። ይህችን መጠሪያ አንድ ሰሞን ሊነጠቋት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አንድ የሚቀባ የሥዕል መጽሐፍ ነው።

ኦቦ ጉደታ ቡራዩ ውስጥ በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤቴ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ግራ ዘመም ያለ ሰው። አንገታቸውን ያዘመመው ሥራቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ቀያሽ ሆነው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመሣሪያ ሲመለከቱ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ያቺ ዓይን መጨፈኗን አልተወችም። «አካም ቡልተን፣ አደ አልማዝ» ብለው በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ሲሰጡኝ እንኳ ግራ ዓይናቸው ትጠብና አውራ ጣታቸው ትነሣለች፤ ከኔ በር እስከ እሳቸው በር ስንት ሜትር እንደሆነ የሚለኩ ይመስላሉ። ሳይለኩም አልቀሩም።

የተወለዱት እዚያው ቡራዩ ዳር ከገበሬ ቤት ነው። ቢሆንም አገሬው አይወዳቸውም ነበር። «ጉደታ የቆመበት አጥር አይከርምም» ይባላል። ከእሳቸው በኋላ ችካል፣ ከችካሉ በኋላ ግሬደር ይመጣል ማለት ነው። ዘመዶቻቸው ድግስ ሲጠሯቸው እንኳ ውጭ አያስቀምጧቸውም፤ ዓይናቸው ማሳው ላይ እንዳያርፍ ወደ ጓዳ ያስገቧቸዋል።

ይህን ያውቁ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ጫልቱ ሱሉልታ ውስጥ ነርስ ናት። «ሞት አያስፈራኝም፣ አደ አልማዝ» ይሉኝ ነበር፤ «የሚያስፈራኝ ቀባሪ ማጣት ነው። የሚወደኝን ሰው ቆጥሬ አውቃለሁ፤ ሳጥን ለመሸከም አይበቃም።» ስለዚህ ከዕድር ቀርተው አያውቁም። ዝናብ ቢሆን፣ ሕመም ቢሆን፣ የማያውቁት ሰው ቀብር ቢሆን ከፊት ናቸው። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ድሮ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ ጽሕፈቴ ይነበባል ብለው መርጠውኝ ነው። በስም መጥሪያው ላይ ከኦቦ ጉደታ ስም ጎን «ቀሪ» ብዬ የጻፍኩበት ቀን የለም።

በኋላ ደም ብዛት ያዛቸው። ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው፤ ጨውን ታገሱት። ሬዲዮም ከለከላቸው። ይህ ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር የተነሣበት ሰሞን ነው፤ አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው እየተባለ ሰው ሬዲዮውን ጆሮው ላይ አስሮ የሚውልበት ጊዜ። ጫልቱ አባቷ ሬዲዮ ትተው ምን እንደሚሠሩ አሰበችና ከከተማ አንድ መጽሐፍ ገዝታ መጣች። ለትልልቅ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ዛፉም፣ አበባውም፣ ወፉም በጥቁር መስመር ብቻ ተሥሏል፤ ቀለሙን ባለቤቱ ይቀባዋል። ልብ ያሳርፋል ይባላል። አሥራ ሁለት ባለ ቀለም እርሳስም አብሮ አለ።

በማግሥቱ አጥሩ ላይ ጠሩኝና መጽሐፉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አሳዩኝ።

«ይኸውልዎ፣ ልጄ ዳይፐር ልትገዛልኝ አንድ ደረጃ ነው የቀራት» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ስኳር ልወስድላቸው ስገባ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሌላ እርሳስ በምላጭ እየቀረጹ አገኘኋቸው። የተከፈተው ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ግንዱን ጨርሰዋል፤ ቅጠሉን እያዩ ተቀምጠዋል።

«አረንጓዴ ያድርጉት እንጂ» አልኩ፣ ለማለት ያህል።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የምን አረንጓዴ?»

«አረንጓዴ ነዋ።»

«አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም፣ አደ አልማዝ። የባሕር ዛፍ አለ። የገብስ አለ። የወይራ አለ። የወይራውም የጠዋቱና ከዝናብ በኋላ ያለው ይለያያል። የምን አረንጓዴ?»

ከዚያ ወዲህ ጎመን ስገዛ እንኳ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አልበረከተም። ወረቀቱ ስስ ነው፤ የአንዱ ገጽ ቀለም ወደ ሌላው ያልፋል፤ የወፉ ክንፍ ከጀርባው ያለውን ዓሣ ያቆሽሸዋል። እኔ ዓይኔን ለመታየት ፒያሳ የምሄድበት ቀን ደርሶ ነበርና «አብሬዎት ልምጣ፣ ደኅና መጽሐፍ ልምረጥ» አሉ። ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ።

መጽሐፍ ሻጩ የደረደረውን አንድ በአንድ አነሡ። ወረቀቱን በሁለት ጣት አሹት፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፣ ጥግ ላይ በምራቅ ነክተው ጠበቁ።

«አባባ፣ ለልጅ ልጅ ነው?» አለ ሻጩ።

«ለራሴ ነው።»

«እሺ። ይሄ ቆንጆ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚወስደው ይሄን ነው።» ክብ በክብ ላይ የተደራረበ ጌጥ ያለበትን አቀበላቸው።

«ይሄ ምንጣፍ ነው። ተፈጥሮ አለህ?»

አንበሳ አወጣላቸው። ገልብጠው አዩና መለሱለት። «አንበሳ ጎረቤቴ ሆኖ አያውቅም። የማላውቀውን አልቀባም።» ሌላ አወጣ። ዛፎቹን አይተው «ይህ ዛፍ ሥሩ የት አለ? በንፋስ ይወድቃል» አሉ። ሻጩ ወደኔ ዞሮ «እማማ፣ ሥራቸው ምንድን ነው?» ሲለኝ «መሬት ለኪ ነበሩ» አልኩት። «ገባኝ» አለና ከዚያ በኋላ ሳይናገር አቀበላቸው። በመጨረሻ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሉ በአንድ ገጽ ብቻ፣ መስመሩ ደመቅ ያለ አንድ መጽሐፍ ተገኘ። ኮሶም ዝግባም የለበትም፤ ግን ወንዝ፣ ቄጠማ፣ ማሳና ሽመላ አለበት። «ከዚህ ጋር መኖር እችላለሁ» አሉ።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ሥዕል በቁጥር የሚቀባ ነበር። ገጹ በቀጫጭን መስመር ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ቁጥር ተጽፏል፤ ከአንድ እስከ አሥራ አራት። አንድ ቁጥር አንድ ቀለም ነው። ቀለሙ ተሞልቶ እስኪያልቅ ምን እንደሆነ አይታወቅም። የቁጥሮቹ መጠን ግን የሰናፍጭ ፍሬ ያህል ስለሆነ አልታያቸው አለ። ኦቦ ጉደታ በዚህ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ገጹን በእርሳስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ከፋፈሉ፤ አራት ትልልቅ ወረቀት አጣበቁ፤ እንደ ሥራ ዘመናቸው መስመሩን ከነቁጥሩ አሳድገው ገለበጡና ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ከጎኑም ማስታወሻ ጻፉ፦

«3 እና 4 — መጀመሪያ። 11 — ከመከር በኋላ። 14 — መስከረም ላይ። 8 — አይነካም።»

ምክንያቱን ነግረውኛል። አሥራ አንድ የታጨደ ማሳ ነው፤ የገለባውን ቀለም በዓይናቸው ሳያዩ አይቀቡም። አሥራ አራት አደይ አበባ ነው፤ መስከረምን ይጠብቃል። ስምንት ሽመላዋ ናት፤ ነጭ ስለሆነች ወረቀቱ ራሱ ይበቃታል። ያላዩትን ቀለም አለመቀባት ሕጋቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ፕላኑን በመቃወም መንገዱ ተዘጋ። የአምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ነደደ፣ ታክሲ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ። ጫልቱ ከሱሉልታ መምጣት አቃታት። ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ልጆች ነበሩ። ስለ እነሱ እዚህ አልጽፍም፤ እናቶቻቸው በሕይወት አሉ። ኦቦ ጉደታ በራቸው ላይ ቆመው ጭሱን በአንድ ዓይናቸው ያዩና «ይህን ግራጫ አላውቀውም፤ ባላውቀውም ይሻለኝ ነበር» ይሉ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ነገር እንዲህ ነበር፦ ያየው ሰው የለም፤ የማያውቀው ሰውም የለም። ካርታው እገሌ ቤት አለ ይባላል፤ እገሌ ዘንድ ሲኬድ የለም። በዚህ መሐል ነው የታች ሰፈሯ ጥሩነሽ ወንፊት ልትዋስ ኦቦ ጉደታ ቤት የገባችው። ወንፊቱን ሳትይዝ ወጣች።

በማግሥቱ እኔ እዚያ ተቀምጬ ሳለ ተመልሳ መጣች፤ በነጠላዋ እንቁላል ቋጥራለች።

«ለጤናዎ ብዬ ነው፣ ኦቦ ጉደታ» አለች፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ። «የኛ ሦስት ነው አይደል? ከወንዙ መታጠፊያ በታች?»

መቀባት የፈለገች መሰላቸው። ደስ አላቸው። «ሦስት መጀመሪያ ነው» አሉ።

«መጀመሪያ? መቼ?»

«ትናንት ልጀምር ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።»

«አሁንም ያንቀጥቅጠው» አለች በለሆሳስ። ከዚያ ቀረብ ብላ ለመነች። «ማሎ፣ ኦቦ ጉደታ፣ ከስምንት ጋር ቢያደርጉንስ?»

«ስምንት አይነካም ብዬ ጽፌያለሁ እኮ። ልጄም ብትለምነኝ አልነካውም።»

ጥሩነሽ እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔም የማይረባ ሰው፣ ሥዕል ወደደች ብዬ ነበር።

እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ወረቀቱን ማስተር ፕላን ነው ብሎ የየቤቱን ቁጥር አገኘበት። ሥዕሉ ላይ ያለው ወንዝ ልክ እንደኛ ወንዝ ላይኛው ሰፈር ጋ ይታጠፋል። አራት ቁጥር ነን ያሉ ዕቃ መቋጠር ጀመሩ። አሥራ አንዶች «እስከ መከር ጊዜ አለን» ብለው ተረጋጉ። አንዲት አሮጊት ቤታቸው አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ቢገባላቸው እስከ መስከረም ጊዜ እንደሚያገኙ ነገሩኝ። ዶሮ፣ ቅቤ፣ ማር ወደ ኦቦ ጉደታ ቤት ጎረፈ። እሳቸው «የደም ብዛቴን ወሬ ሰምተው ነው፤ ለካ ሰው ይወደኛል» ብለው ዓይናቸው ረጠብ አለ። ይህን ሳይ እውነቱን ለመንገር አፌ አልከፈት አለኝ።

ጣጣው ስምንት ላይ ነበር። በስምንት ቁጥር ልክ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት በላይ ያለው የአቶ ወርቁ ወፍጮ ቤት ነው። አቶ ወርቁ ደግሞ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። «ሁላችን ስንነሣ እሱ ብቻ የማይነካው ምን ሰጥቶ ነው?» ተባለ። ሰው እህሉን ተሸክሞ በእግሩ ሌላ ወፍጮ ቤት መሄድ ጀመረ። አቶ ወርቁ ሁለት ቀን ባዶ ወፍጮ ሲጠብቁ ውለው በሦስተኛው ለእሑድ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ኦቦ ጉደታን ከዕድር መሰረዝ።

ሄጄ «ሥዕል እኮ ነው፣ አቶ ወርቁ» አልኳቸው።

«አንቺንም አሳምኖሻል። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» አሉኝ።

ኦቦ ጉደታ ነገሩን ሁሉ የሰሙት ከኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማር ወደኔ ገፋ አደረጉ። «ይህ ለኔ አልነበረም ማለት ነው» አሉ።

እሑድ ዕድር ቤቱ ግቢ ሞላ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ወረቀቱን ጠቅልለው በብብታቸው፣ እርሳሶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አራቱም ጥግ ላይ ድንጋይ ተጫነበት። በዚያ ሰሞን ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ወርቁ።

«ሽመላ ወንዝ ዳር ቆማ።»

«ሽመላዋ የታለች?» አለች ጥሩነሽ።

«ስምንት ላይ።»

ሁሉም ወደ አቶ ወርቁ ዞረ። ከኋላ አንዱ «መቼ ነው ሽመላ የሆኑት?» አለ።

«አሥራ አንድ ከመከር በኋላ የሚለውስ?» አሉ አቶ ወርቁ ፊታቸው ቀልቶ።

«ገለባውን አይቼ ልቀባ ነዋ። ገና አልታጨደም።»

«ይህን ማን ያምናል?»

ኦቦ ጉደታ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈቱ። «ሁላችሁም ቤቴ ነው ያላችሁትን ቁጥር ታውቃላችሁ። ኑ፣ የየራሳችሁን ቀቡ» አሉ።

መጀመሪያ ማንም አልተነሣም። ኋላ ጥሩነሽ «የኔ ሦስት ነው» ብላ ቀረበች። የቄጠማ አረንጓዴ ሰጧት። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ቀባች። አራቶች መጡ፣ ሰባቶች መጡ፤ ወረፋ ተያዘ፤ መገፋፋት ተጀመረ። ኦቦ ጉደታ ከዳር ቆመው ያርማሉ። «ቀስ፤ ከመስመር አይውጡ፣ የጎረቤት ነው።» «አታጥቁሪው፤ ቄጠማ እንጂ ጎመን አይደለም።» አሥራ አንዶችንና አሥራ አራቶችን «ቀናችሁ ገና ነው» ብለው ይመልሳሉ። ተራ የሌላቸው አቶ ወርቁ ብቻ ናቸው፤ ስምንት አይነካም። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ያዩት ዓይናቸው ከሁሉ የደከመው ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ማሳቸው ከኦቦ ጉደታ አባት ማሳ ጋር ይዋሰን የነበረ። ርቀው ስለተቀመጡ ሙሉውን አዩት። «ወፍ ናት» አሉ።

ሰዉ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። በቄጠማው መሐል፣ ማንም ባልነካው ነጭ ቦታ፣ ሽመላዋ አንድ እግሯን አጥፋ ቆማለች። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ብዙው ሳቀ። ኦቦ ቱሉ ግን አልሳቁም።

«ጉደታ» አሉ፣ «ይህቺ ወፍ ናት፤ ገባኝ። ያኔ የተከልካቸው ችካሎችስ? እነሱም ወፍ ነበሩ?»

«አልነበሩም» አሉ ኦቦ ጉደታ። «የአባቴ ማሳ ላይ የመጀመሪያውን ችካል የተከልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይትከለው ብዬ ነበር። ኋላ አጣሞ ይለካዋል ብዬ ፈራሁ።» ጣታቸውን አሥራ አንድ ቁጥር ላይ አሳረፉ። «አሁን ቤት ተሠርቶበታል። አሥራ አንድ ቁጥር እሱ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው ያልቀባሁት። ያንተን ማሳ አጨዳ እየጠበቅሁ ነው፤ አፈሩ አንድ ነው።»

ኦቦ ቱሉ ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ቅዳሜ ነው የምናጭደው» አሉ። «ና።»

አቶ ወርቁ የስረዛውን ነገር ማንሣት አልቻሉም። ሆኖም ሰብሳቢ ናቸውና ሰፈር ስላሸበሩ ቅጣት ይገባል አሉ። የለቅሶ አግዳሚዎቻችን ቀለማቸው ለቆ ነበር፤ አሥራ አራቱን አግዳሚ ይቀቡ ተባለ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ያዝኩ። ሌላ አገላለጽ ስላጣሁ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ካርታው ወፍ ሆኖ ተገኝቷል።» አሁንም መዝገቡ ላይ አለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እሳቸው ሬዲዮ ስለማይሰሙ አጥሩ ላይ ጠርቼ ነገርኳቸው። «የትኛው?» አሉ፣ «የኔ ወይስ የነሱ?»

አግዳሚዎቹን በዘይት ቀለም ቀቧቸው። ሁሉንም አረንጓዴ ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን አንዱንም ከአንዱ አላመሳሰሉም። ከእያንዳንዱ ሥር በትንሽ ጽሕፈት የምን አረንጓዴ እንደሆነ ጽፈዋል፤ ኮሶ፣ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ በጠዋት። ስምንተኛውን አልነኩትም። ቅጣቱ አልተሟላም ሲባሉ «ስምንት አይነካም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል» ብለው መለሱ።

ቀለሙ ሳይደርቅ የአቶ ወርቁ አማት ሞቱ። በልግ ነበር፤ እርጥበት አለ። ሰዉ ተቀምጦ አለቀሰና ሲነሣ ቀለሙ ልብሱ ላይ ለቆ ከኋላው ማሳ መሰለ። ለቅሶ ላይ አይሳቅምና ሁሉም ወደ መቃብሩ የሄደው እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳይለይ ፊቱን ሸፍኖ ነው። ልብሳቸው ካልተበላሸባቸው ሰዎች አንዱ አቶ ወርቁ ነበሩ፤ ስምንተኛው ላይ ነው የተቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አላየሁም። የኔ ነጠላ ጫፉ ላይ ተነከረ። በአጃክስም፣ በጋዝም አጠብኩት። አልለቀቀም፤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ጡሩምባው በተነፋበት ቀን ያንን ነጠላ አወጣሁ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። አግዳሚዎቹ ቀለማቸው ተላልጦ ቢሆንም ይለያሉ። ሳጥኑን ለመሸከም ወረፋ ተያዘ፤ ጥሩነሽ ባሏን «አንተ ደግሞ፣ ሦስት ቁጥርን ወክለህ ግባ» ብላ ስትገፋው ሰማሁ። አቶ ወርቁ በቀኝ በኩል ከፊት ገቡ፤ ኦቦ ቱሉ መሸከም ስለማይችሉ አንድ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ሸካሚዎቹን በዓይኔ ቆጠርኩ። ከበቂ በላይ ነበሩ።

ከቀብር መልስ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ ነጠላዬ ላይ አረፈ።

«እትዬ አልማዝ፣ አረንጓዴ ነክቶዎታል» አለችኝ።

«የምን አረንጓዴ?» አልኳት።

ጫፉን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ግራ ዓይኗን ጨፈነች።

«የወይራ» አለች። «ከዝናብ በኋላ።»